ኤክስ-0 ውስጥ ዜሮ ብቻ ነው የማገኘው፤ ከርነል ያለበትን ማሽን ከማን ይስማ?

የመጀመሪያው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ የራሴን ትንሽ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) እየጻፍኩ ነው። ለ64 ቢት ኤአርኤም ፕሮሰሰር ነው፤ የምሞክረው ኪውኢሙ በሚባለው ኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራም፣ ቪርት በሚለው ማሽኑ ላይ ነው። እስካሁን የሜሞሪውን መጠን ኮዱ ውስጥ በእጄ ጽፌ ነበር የምሠራው። 128 ሜጋባይት አልኩት፣ ሠራ። አሁን ግን ከርነሉ ሲነሳ ያለበትን ማሽን ራሱ አንብቦ እንዲያውቅ ፈለግሁ። የሊኑክስ የቡት ሰነድ እንደሚለው ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የዲቫይስ ትሪውን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ያለውን ዕቃ የሚዘረዝረውን ዛፍ፣ አድሬስ ኤክስ-0 በሚባል የፕሮሰሰሩ ሬጅስተር ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከኤክስ-1 እስከ ኤክስ-3 ያሉትን ዜሮ ያደርጋል፣ ከዚያ ለከርነሉ ያስረክባል። እኔ ጋ ኤክስ-0 ራሱ ዜሮ ነው። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ኪውኢሙ ስህተት አለበት ወይ?

እንዲህ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ክሩ ከዚያ በኋላ ስለረዘመና መሃል ላይ ስለተዘበራረቀ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው ይረዳ ብዬ የተባለውን በራሴ አባባል በየቁጥሩ አስቀምጫለሁ። ያስቀየመኝንም አልዘለልኩም።

1። በጣም ትሑት የሆነ ሰው ነው የመጀመሪያው። ኪውኢሙን በምን ትእዛዝ እንደማስነሳው እና የማስነሳው ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከኮምፓይለሩ የወጣውን ኤልፍ ፋይል (ኮዱ የት እንደሚጫን አብሮ የያዘ ፋይል) እንዳለ እንደምሰጠው መለስኩለት። በወቅቱ ዋናው መልስ እዚያችው ላይ እንዳለ አልገባኝም።

2። ሁለተኛው ነገሩን በአጭሩ ቆረጠው። ቪርት ማሽን የታወቀ ነው፣ ሜሞሪው በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉት አድሬሶችም እንዲሁ ናቸው) 40000000 ላይ ይጀምራል፣ ሲሪያሉ (ጽሑፍ የሚወጣበት መስመር) 09000000 ላይ ነው፣ ስለዚህ ጽፈህ እለፍ፣ ዛፍ ላይ ምን ያንጠለጥልሃል ነው የመልእክቱ ፍሬ ነገር። ብዙ ሰው ወደደለት።

3። የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ይሄ ነው። ኪውኢሙ ለከርነል የተሰጠው ፋይል ኤልፍ ከሆነ የሊኑክስን የቡት ደንብ እንደማይከተል አስረዳኝ። ኤልፍ ሲያይ ባዶ ብረት ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ሬጅስተር ውስጥ ምንም አያስቀምጥም። ዲቫይስ ትሪውን የሚያኖረው እዚያው ሜሞሪው መጀመሪያ ላይ፣ 40000000 ላይ ነው። ያውም ቦታ ካገኘ ነው። ኤልፍ ያልሆነ ጥሬ ፋይል ከተሰጠው ግን ሌላ ነው፦ ሜሞሪው መጀመሪያ ላይ የጥቂት መመሪያዎች ቡትሎደር ራሱ ይጽፋል፤ እሷ ኤክስ-0ን ሞልታ ወደ ከርነሉ ትዘላለች። ስለዚህ ኦብጅኮፒ በሚባለው መሣሪያ ኤልፉን ወደ ጥሬ ፋይል ቀይር፣ በሊንከር ስክሪፕቱም (ኮዱ የት እንደሚቀመጥ በሚወስነው ፋይል) ከርነሉን ከሜሞሪው መጀመሪያ 512 ኪሎባይት አርቀህ 40080000 ላይ አስቀምጠው አለኝ። የእኔ ስክሪፕት ከርነሉን ልክ 40000000 ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ማለትም ዛፉ ሊቀመጥበት የሚችለው ብቸኛ ቦታ ላይ እኔው ተቀምጬበት ነበር።

4። እኔ። የተባለውን ሁሉ አደረግሁ፣ አመሰገንኩ፣ አሁንም ዜሮ ነው ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተበሳጭቼ ነበር።

5። አምስተኛው ጉዳዩን ወደ ቤት ኪራይ ወሰደው። ቡትሎደር ደላላ ነው፤ ከርነል ተከራይ ነው፤ ደላላው ክፍሉ ሦስት ነው፣ ውኃ አለው፣ ኪራዩ ይሄ ነው ይላል። ዲቫይስ ትሪ የደላላው ወረቀት ነው። ያመነ ገብቶ ይተኛል፤ ያላመነ ገብቶ ይቆጥራል። ከዚህ በኋላ ክሩ ውስጥ ቡትሎደርን በስሙ የጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ደላላው ማለት ጀመረ። (መልስ 17ን ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ።)

6። እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ሰው ገቡ። ከዲቫይስ ትሪ በፊት በኤአርኤም ሊኑክስ ላይ እንደሠሩ ስለነገሩን ጋሼ እያልን ነው የቀጠልነው። ያኔ በ32 ቢቱ ኤአርኤም ላይ ቡትሎደሩ አር-0ን ዜሮ አድርጎ፣ አር-1 ውስጥ የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ አር-2 ውስጥ ደግሞ ኤታግ የሚባለውን ዝርዝር አድሬስ ያስረክብ ነበር። ኤታግ ያው አጭር ዝርዝር ነው፦ ሜሞሪው ከየት እስከ የት፣ የከርነሉ የትእዛዝ መስመር ምን እንደሚል፣ መጨረሻው የት እንደሆነ። ስለ ሌላው ዕቃ ግን የሚናገረው ነገር አልነበረውም። እያንዳንዱ ቦርድ የራሱ ቁጥር እየተመዘገበለት፣ የቀረውን የሚያውቀው በሲ የተጻፈ የራሱ የቦርድ ፋይል ነበር። ቦርዶቹ በሺዎች ሲቆጠሩ ፋይሎቹም አብረው በዙ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚያ የኤአርኤም ኮድ ትርምስ በአደባባይ ተቆጣ፤ ዲቫይስ ትሪም ወደ ኤአርኤም በፍጥነት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ አንድ ነገር አከሉ፦ ሐሳቡ ያኔ አዲስ አልነበረም። ሥሩ የሰን ማይክሮሲስተምስ ማሽኖች ላይ የነበረው ኦፕን ፈርምዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 አይትሪፕልኢ 1275 ተብሎ ደረጃ ወጥቶለታል። ወደ ኤአርኤም ከመምጣቱ በፊትም ፓወርፒሲ ላይ ኖሯል።

ይህን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። ጋሼ ያኔ የነበረውን ችግር ሲያወሩ ልክ ትናንት የሆነ ይመስላል።

7። ሰባተኛው መልስ 2ን ፊት ለፊት ተቃወመ፤ ግን በጨዋ ደንብ። ራሱ ራስበሪ ፓይ ላይ ያለ ምንም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሮጥ ኮድ ሲጽፍ የመሣሪያዎቹን መነሻ አድሬስ በቁጥር ጽፎት ነበር። በመጀመሪያው ፓይ ላይ መነሻው 20000000 ነው። ፓይ 2 እና 3 ላይ 3ኤፍ000000 ሆነ። ፓይ 4 ላይ ኤፍኢ000000 ሆነ። ሦስት ጊዜ ቦርድ ገዝቶ ሦስት ጊዜ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጧል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ያመጣው እሱ ነው፤ ጽፎ ማለፍ የሚሠራው ቪርት ማሽን ስለማይቀየር እንጂ መልስ 2 ትክክል ስለሆነ አይደለም አለ።

8። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ስምንተኛው በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። አንድ መስመር ኮድ ሳያሳዩ ኪውኢሙ ስህተት አለበት ማለት ድፍረት ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ከመጠርጠርህ በፊት የራስህን አስጀማሪ ኮድ ተጠራጠር አለ። ቀጠለ፦ ዛፉን ለማንበብም ሊብኤፍዲቲ የሚባል በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ላይብረሪ አለ፤ እንደገና መጻፍ የሥራ ፈት ሥራ ነው። ዓለም ሌላ የግል ከርነል አልጎደላትም ብሎ ጨረሰ። ልመልስለት ብዬ ረጅም ነገር ጽፌ አጠፋሁት።

9። እኔን ወክላ የመለሰችው እህታችን ናት። የሰው ከርነል ለዓለም ሳይሆን ለጻፈው ሰው ነው የሚጻፈው፤ ዳቦ ቤት አለ ብሎ ቤቱ መጋገር የተወ የለም አለችው። ወደ እኔ ዞራ ግን የስምንተኛው አነጋገር ቢመርም ጥያቄው ልክ መሆኑን ነገረችኝ፤ የአስጀማሪውን አሴምብሊ አምጣ አለች።

10። እኔ። ሃያ መስመር የማይሞላውን አሴምብሊ ለጠፍኩት።

11። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አገኘችው። ኮዴ እንደተነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ኤክስ-0ን አንድ ግሎባል ቫሪያብል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥሎ የሚያደርገው ግን ቢኤስኤስ የሚባለውን፣ መነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸው ቫሪያብሎች የሚቀመጡበትን ክፍል በሙሉ ዜሮ ማድረግ ነው። ያ ቫሪያብል ያለው ደግሞ እዚያው ቢኤስኤስ ውስጥ ነው። ማለትም የተሰጠኝን አድራሻ በጥንቃቄ ጽፌ፣ ወረቀቱን አጥፌ፣ ከቆሻሻው ጋር አብሬ ጥያለሁ። መጀመሪያ ኤክስ-0ን ወደ ኤክስ-19 ገልብጠው፣ ቢኤስኤስን አጽዳ፣ ከዚያ ወደ ኤክስ-0 መልሰህ ለሲው ዋና ፈንክሽን እንደ መጀመሪያ አርጉመንት አስረክበው አለችኝ። ኤክስ-19ን የመረጠችው ሌላ ፈንክሽን ቢጠራ እንኳ የመጠበቅ ግዴታ ካለባቸው ሬጅስተሮች አንዱ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ሁለት ስህተት አንድ ዓይነት ዜሮ ነበር የሰጡኝ። የመጀመሪያውን ብቻ ሳስተካክል ምንም ያልተለወጠ የመሰለኝ ለዚህ ነው።

12፣ 13 እና 14። ሳቅ ነው። አንዱ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አለ፤ ሌላው እሱም አፍሶ የሚለቅመው ካገኘ ነው አለ። ሦስተኛው በዚያው ሳምንት ተመሳሳይ ስህተት መሥራቱን አምኖ ጠፋ።

15። እኔ በደስታ ተመለስኩ፤ ኤክስ-0 አሁን 44000000 ይላል! ግን እዚያ ሄጄ ሳነብ የዛፉ መለያ ቁጥር አይገጥምም። መሆን የነበረበት ዲ-0-0-ዲ-ኤፍ-ኢ-ኢ-ዲ ነው፤ እኔ ያነበብኩት ኢ-ዲ-ኤፍ-ኢ-0-ዲ-ዲ-0 ሆነ። የጠየቅሁት ራሴን አሳፍሮኛል፤ ምክንያቱም ባይቶቹ ከኋላ ወደ ፊት መነበባቸውን ቁጥሩን እየተየብኩ ነው ያየሁት። ዲቫይስ ትሪ የሚጻፈው ትልቁን ባይት አስቀድሞ ነው፤ የፓወርፒሲ ዘመን ውርስ። የእኔ ፕሮሰሰር ደግሞ ትንሹን ያስቀድማል። ስለዚህ እያንዳንዱ 32 ቢት ቁጥር ሲነበብ መገልበጥ አለበት።

16። አሥራ ስድስተኛው እውነተኛ ቦርድ ላይ የሚሠራ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ኪውኢሙ ላይ ሠራ ብለህ አትኩራ አለኝ። ዛፉ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች የሚደረደሩት በ4 ባይት ነው እንጂ በ8 አይደለም። የሜሞሪ አድሬስ 64 ቢት ነው ብለህ በአንድ ጊዜ 8 ባይት ልታነብ ስትሞክር አድሬሱ ለ8 ላይካፈል ይችላል። ኤምኤምዩው (የሜሞሪ አድሬስ የሚተረጉመው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ገና ባልበራበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ ሜሞሪውን በሙሉ እንደ ዲቫይስ ነው የሚያየው፤ እንዲህ ያለ የተንሻፈፈ ንባብ ደግሞ በዲቫይስ ሜሞሪ ላይ ክልክል ነው፤ ከርነሉ ገና ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። ሁለት ጊዜ በ32 ቢት አንብበህ አጋጥማቸው አለ። እሱ ይህን ያወቀው ቢሮ ላይ ሲሠራ የነበረ ኮድ ደንበኛ ፊት ጸጥ ባለ ቀን ነው።

17። የደላላውን ወረቀት የማያምነው ሰው መጣ። በድሮ ፒሲ ላይ ሜሞሪ የሚቆጠረው በየቦታው ጽፎ መልሶ በማንበብ ስለነበር ከርነሉም ራሱ ገብቶ ይቁጠር ባይ ነው። መልስ 16 ወዲያው ተመልሶ ተከራከረው፦ ኤአርኤም ቺፕ ላይ የሌለ አድሬስ ከነካህ ባሱ በስህተት ይመልስሃል፤ ወይም ይባስ ብሎ ያው ሜሞሪ በሌላ አድሬስ ደግሞ ብቅ ይልና ያለህን እጥፍ አድርገህ ትቆጥራለህ። በተጨማሪ ገብተህ ስትቆጥር ዛፉ ያለበትን ወይም ለሴኪዩር ፈርምዌር የተያዘውን ቦታ ልትረግጥ ትችላለህ። ጋሼ ሁለቱን አስታረቁ። ዩ-ቡት በሚባለው ቡትሎደር ውስጥ ልክ ይህንኑ ቆጠራ የሚያደርግ ፈንክሽን አለ አሉ፤ ብዙ ቦርድ ላይ ደላላው ራሱ ገብቶ ቆጥሮ፣ የቆጠረውን ዛፉ ላይ ጽፎ ነው የሚያስረክበው። ቆጠራው ይደረጋል፤ የሚደረገው ግን ቤቱ ባዶ ሳለ ነው።

18። ከርዕስ ትንሽ የወጣ፣ ግን ከሁሉ የወደድኩት ታሪክ ነው። ይህ ሰው ለአንድ የአበባ እርሻ የውኃ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር፤ ቢግልቦን ብላክ በሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ። ቢሮ ላይ አንድም ቀን አልከዳውም። እርሻው ላይ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። ፓወር ሰፕላይ ቀየረ። ገመድ ቀየረ። ጠባቂውን ተቆጣ (ይቅርታ እንደጠየቀውም ጽፏል)። በመጨረሻ ጠባቂው ራሱ ነው ያየው፦ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ መብራት ከጠፋ ቦርዱ አይነሳም፤ ጎድሎ ሳለ ከጠፋ ይነሳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚያ ቦርድ ላይ ከፒ-8 መሰኪያ 31 እስከ 46 ያሉት ፒኖች ሁለት ሥራ አላቸው። ከተነሳ በኋላ ለስክሪን ያገለግላሉ። ኃይል ሲያገኝና ከሪሴት ሲለቀቅ ግን ቺፑ ለአንድ አፍታ ያነባቸዋል፤ ከየት ቡት እንደሚያደርግ የሚወስነው በዚያች ንባብ ነው። ሰውየው የታንከሩን ተንሳፋፊ ስዊች ያገናኘው 43 ላይ ነው። 43 ደግሞ በቦርዱ ላይ ያለው የቡት ቁልፍ ሲጫን ወደ ታች የሚጎተተው ፒን ነው። ታንከሩ ሲሞላ ስዊቹ ይዘጋል፤ ቺፑም ሰው ቁልፉን የተጫነ መስሎት በላዩ ላይ ያለውን ኢኤምኤምሲ (ቋሚ ማከማቻ) ትቶ የሌለ ኤስዲ ካርድ መፈለግ ይጀምራል። ሲያጣ ሲሪያሉ ላይ ሲ ሲ ሲ እያለ ፋይል ላኩልኝ ይላል። እርሻው መሃል የሚልክለት የለም።

19። አሥራ ዘጠነኛው ይህ የከርነል ጉዳይ አይደለም፣ ከርነል ሳይጫን የሆነ ነው ብሎ አረመ። ትክክል ነው። ግን ጥሩ ነገር ጨመረ፦ ያች የአፍታ ንባብ አትጠፋም፤ ቺፑ ኮንትሮል ስታተስ በሚባል ሬጅስተር ውስጥ፣ 44ኢ10040 ላይ፣ ይይዛታል። ኤስዲ ካርድ ሰክቶ ዩ-ቡትን አስነስቶ ያችን አንድ ቁጥር ቢያነብ ኖሮ ፓወር ሰፕላዩንም ጠባቂውንም ባልነካ ነበር። አሥራ ስምንተኛው ያኔ ይህን ባለማወቁ ሁለት ወር እንደፈጀበት ጽፎ ዝም አለ።

ከ20 እስከ 24። እዚህ ላይ ክሩ ጨርሶ ከመንገድ ወጣ። አንዱ ለምን ዲቫይስ ትሪ፣ ቡት፣ ከርነል እንላለን፣ አማርኛ የለንም ወይ ብሎ ተነሳ። ከርነልን አስኳል እንበለው ተባለ፤ ሲሞት አስኳሉ ፈሰሰ ልንል ነው ተብሎ ተሳቀ። ዲቫይስ ትሪን የዕቃ ዛፍ ያለ ነበር፤ ሌላው ዛፍ ሳይሆን የትውልድ ሐረግ ነው፣ ወላጅና ልጅ አለውና አለ። ስምንተኛው መጥቶ ስም ስታወጡ ኮዱ ይበስብሳል አላቸው፤ ሃያ ሁለተኛው አንተም ኮድ ብለህ ነው የተናገርከው ብሎ መለሰለት። እኔ የሐረጉን ነገር ወድጄዋለሁ። ግን ለጓደኛዬ በስልክ ሳወራ ዲቫይስ ትሪ ነው የምለው።

25። ርዕሱን የመለሰልን ዜፈር በሚባለው የትናንሽ ቺፖች ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሠራ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ ዛፉ ቺፑ ላይ ጭራሽ አይደርስም አለ። ኮዱ ሲጠናቀር ዛፉ ተነብቦ ወደ ሲ ማክሮዎች ይቀየራል፤ ሲነሳ የሚነበብ ነገር የለም። ሜሞሪው በአሥሮች ኪሎባይት በሚቆጠር ቺፕ ላይ ዛፍ ተሸክሞ መሄድ ቅንጦት ነው። መልስ 2 ይህን ይዞ ተመልሶ፣ ያልኳችሁ ይሄንኑ ነው፣ ጽፎ ማለፍ ነው አለ። ሃያ አምስተኛው አልተስማማም፦ እነሱ በእጅ አይጽፉም፤ ቦርድ ሲቀየር የሚቀየረው ዛፉ እንጂ ኮዱ አይደለም። ልዩነቱ ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው።

26። ስምንተኛው እንደገና፣ አሁንም ያለ ሰላምታ። ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ከርዕሱ ላይ ከማን ይስማ ብዬ እየጠየቅሁ ራሴ የምጽፍበትን የሲሪያል አድሬስ 09000000 ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ፤ ዛፉ ውስጥ ቾዝን የሚባለው ኖድ (የዛፉ ቅርንጫፍ) የትኛው ሲሪያል እንደሆነ እየነገረኝ። ሁለተኛ፣ መለያ ቁጥሩን ብቻ አይቼ ወደ ውስጥ መግባቴ ስህተት ነው፤ 40 ባይት የሆነው ሄደር ውስጥ ሁለተኛው ቁጥር የዛፉ ጠቅላላ መጠን ነው፤ ከዚያ ድንበር የሚያልፍ ማንኛውም ንባብ መቆም አለበት፣ ያለበለዚያ የተበላሸ ዛፍ የትም ይወስደኛል። ለሁለቱም መልስ የለኝም። አስተካከልኩ። ለመጀመሪያው አንድ ሰበብ ግን አለኝ፦ ዛፉን ማንበብ ሲያቅተኝ አቃተኝ ብዬ የምጽፍበት ቦታ ያስፈልገኛል።

27። እህታችን ተመልሳ፣ ቾዝን ከተነሳ አይቀር ብላ፣ እዚያው ኖድ ውስጥ ኪውኢሙ ለከርነሉ የዘፈቀደ ቁጥር ዘር እንደሚያስቀምጥ ነገረችን። ሊኑክስ የራሱን አድሬስ ለማደበላለቅ የሚጠቀምበትን ዘር አንዴ ካነበበ በኋላ ዛፉ ላይ ዜሮ ያደርገዋል፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው። ደብዳቤ አንብቦ የሚያቃጥል ሰው ትዝ አለኝ።

28። እኔ። አንድ የመጨረሻ እንቅፋት ነበረኝ። የሜሞሪ ኖዱ ውስጥ ሬግ የሚለውን ንብረት ሳነብ አድሬሱ ዜሮ፣ መጠኑ 40000000 ወጣ። ይህ በሄክስ አንድ ጊጋባይት ነው፤ እኔ ግን ያን ያህል አልሰጠሁትም! ጋሼ ናቸው ያረሙኝ፦ ስንት ቁጥር ለአድሬስ፣ ስንት ለመጠን እንደሆነ የሚናገሩ ሁለት ንብረቶች ሥሩ ላይ አሉ፤ ቪርት ላይ ሁለቱም 2 ናቸው። እኔ አንድ አንድ አድርጌ ስለቆጠርኩ የአድሬሱን ታችኛ ግማሽ እንደ መጠን ወስጄዋለሁ። ቪርት ላይ 2 ነው ብዬ ደግሞ በእጄ እንዳልጽፈው አስጠነቀቁኝ፤ ሊሉ የፈለጉት ገብቶኛል።

29። እኔ። አሁን ይሠራል። ለኪውኢሙ ምንም ሳልነግረው 134217728 ባይት ይላል፤ 512 ሜጋባይት ስሰጠው 536870912 ይላል። ዛፉ ያለበት አድሬስም ከ44000000 ወደ 48000000 ተዛወረ፤ ያንን በእጄ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ክር እከፍት ነበር። ሙሉውን አስጀማሪ ኮድ ለጠፍኩት።

30። አንድ ተማሪ ያው ኮድ ሪስክ-ፋይቭ በሚባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ ለምን እንደማይሠራ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው ሬጅስተር ውስጥ ዜሮ አገኘሁ ይላል። መልስ 3 አሳረፈው፦ እዚያ ኤ-0 ውስጥ የሚመጣው የኮሩ ቁጥር ነው፣ ዜሮውም ትክክለኛ ዜሮ ነው፤ የዛፉ አድሬስ ያለው ኤ-1 ውስጥ ነው።

31። ስምንተኛው፣ አንድ መስመር። የለጠፍኩት ኮድ ውስጥ የስታኩ ጫፍ ለ16 መካፈል ሲገባው አይካፈልም አለ። ሊንከር ስክሪፕቱን ከፍቼ አየሁ። አይካፈልም።